በአይሮፕላን ውስጥ መውደቅ ዕድል ነውን?

በሲ.ኤም.ሲ ለምንኖር ሰዎች ወደ ቦሌ የሚወርድ አይሮፕላን ድምፅ እንግዳ አይደለም። ከሰፈራችን እናቶችና አባቶች ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ባሕር ማዶ ደርሰው ተመልሰዋል። ሲሸኙ የሚነገረው ግን ስለ ቪዛውና ስለ ሻንጣው ክብደት ነው እንጂ፤ በጉዞው ላይ ሰውነትን ስለ መጠበቅ የሚያነሣ የለም።

ከጎረቤቶቻችን አንዲት ባልቴት ከልጃቸው ዘንድ ሲመለሱ አይሮፕላኑ ድንገት ተናወጠና፤ ከመጸዳጃው ወጥተው በመተላለፊያው ሳሉ ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። «እግዜር ያመጣው ነው» ብለው ለማንም ሳይናገሩ፣ እጃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ቤታቸው ገቡ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነው ወንድ ልጃቸው «ሕግ ይኖር ይሆን?» ብሎ የጠየቀን በሦስተኛው ዓመት ነው። ሕግስ ነበረ፤ ጊዜው ግን አልፏል።

በ1991 ዓ.ም. በሞንትሪያል የተፈረመውና አገራችንም የገባችበት ስምምነት፤ መንገደኛ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ፣ ሲሳፈር ወይም ሲወርድ በደረሰ አደጋ አካሉ ቢጎዳ አጓዡ ኀላፊ ነው ይላል። ነገር ግን ክሱ መድረሻው ላይ ከተደረሰበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ መብቱ ይቀራል። በገዛ ሕመሙ ዞሮበት የወደቀ ሰው፤ ከውጭ የመጣ ያልታሰበ ነገር ስላልጣለው ካሣ አያገኝም። እንዲሁም ቀበቶ እሰር ሲባል እምቢ ያለ መንገደኛ፤ ቸልተኝነቱ ለጉዳቱ ምክንያት በሆነበት መጠን ካሣው ይቀነስበታል።

ቀበቶ ቀላል ነገር አይደለም። ግንቦት 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይበር የነበረ የሲንጋፖር አየር መንገድ አይሮፕላን በምያንማር ሰማይ ላይ ክፉኛ ተናወጠ። መርማሪዎቹ እንደ ገለጹት በ4.6 ሴኮንድ ውስጥ 178 ጫማ ያህል ዝቅ አለ፤ ቀበቶ ያላሰሩት ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተመልሰው ወደቁ። በዚያ በረራ ላይ አንድ የ73 ዓመት ሽማግሌ ሕይወታቸው አልፏል፤ ብዙ ሰዎችም ቈስለዋል። በጠራ ሰማይ የሚያናውጥ ነፋስ በአይሮፕላኑ ራዳር አይታይምና፤ አብራሪው አስቀድሞ ሊያስጠነቅቅ የማይችልበት ጊዜ አለ።

ታዲያ የባልቴቲቱ ጥፋት የማን ነው? እንደ እኛ አስተያየት የእኛ የተማርነው ነው። ቅጹን ሞልተን፣ ፓስፖርቱን አስይዘን፣ እስከ በሩ ሸኝተናቸዋል፤ «እማማ፣ መብራቱ ቢጠፋም ቀበቶዎን አይፍቱ፤ ብዙ ሰዓት ተቀምጠው ሲነሡ ቀስ ይበሉ፤ ወንበሩን ይያዙ፤ ቢወድቁ ለአስተናጋጇ ይንገሩ፤ በጽሑፍ ይያዝልኝ ይበሉ» ያልናቸው ግን የለም። ይባስ ብለን፤ ጎማው መሬት እንደ ነካ ሻንጣ ለማውረድ ቀድመን የምንነሣው እኛው ወጣቶች ነን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ አንባቢዎቻችን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ቦሌ ሰው ስትሸኙ ከስንቁ ጋር ይህን ምክር ጨምሩ። ተጎድተው የተመለሱ ካሉም ዛሬውኑ ጠይቋቸው፤ የመሳፈሪያ ካርዳቸውንና የሐኪም ወረቀታቸውን አኑሩላቸው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ የእናቶቻችን ካሣ ግን የቀረው እኛ ስላልተናገርን ነው።