ከችግኙ በፊት ጥላው ይለካ

ለመኖሪያ ቤት ጓሮ የሚያስፈልጉ ተክሎች የትኞቹ ናቸው? ለዚህ ጥያቄ በየጊዜው የሚቀርቡት ዝርዝሮች ብዙ ናቸው። አንዱ ሺፈራውን ያስቀድማል፤ ሌላው ቲማቲምና ቃሪያን፤ ሦስተኛው ደግሞ ግቢው በሙሉ ሣር ቢለብስ ይመርጣል። ሁሉም ግን አንድ ነገር ይዘነጋሉ፤ እርሱም ግቢው ራሱ ነው። እኔ የፊዚክስ መምህር እንጂ የእጽዋት ሊቅ አይደለሁም። ይሁን እንጂ ተክል ያለ ብርሃን፣ ያለ ውኃና ያለ ተስማሚ ሙቀት አይኖርም፤ ሦስቱም ደግሞ ይለካሉ። ስለሆነም የጓሮ ተክል ምርጫ ከችግኝ መሸጫው ሳይሆን ከልኬት መጀመር ይገባዋል እላለሁ።

በቅድሚያ ብርሃንን እንመልከት። በአውሮፓ የሚታተሙ የአትክልተኝነት መጻሕፍት አትክልት ከቤቱ በስተደቡብ ይተከል ይላሉ። ለትምህርት በቆየሁበት አገር ምክሩ ትክክል ነበር፤ እዚያ የእኩለ ቀን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ትታያለችና። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ከሚያዝያ የመጀመሪያ ቀናት እስከ ነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን፣ በቀረው ጊዜ ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ 3 ሜትር ከፍታ ያለው አጥር በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን 1.9 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። በሰኔ አጋማሽ ግን ያው አጥር ወደ ደቡብ 0.8 ሜትር ገደማ ብቻ ያጠላል። ጎረቤት 10 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ ቢያሠራ የታኅሣሡ ጥላ ከ6 ሜትር ያልፋል። ቲማቲምና ቃሪያ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ይሻሉ፤ ጎመንና ቆስጣ ግን ባነሰ ብርሃንም ቅጠል ያወጣሉ። እንግዲህ ያለንን የፀሐይ ሰዓት ሳናውቅ ቲማቲም መትከል ገንዘብን መቅበር ነው።

ሁለተኛው ውኃ ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት 5 ሚሊ ሜትር በሚሆን አንድ ዝናብ ብቻ 200 ሊትር የሚይዘውን በርሜል ሊሞላ ይችላል። ይህ የሚያስደስት ቢሆንም የወጪውንም ሒሳብ ማየት ያስፈልጋል። በደረቁ ወራት አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ በቀን 4 ሊትር ያህል ይፈልጋል። 10 ካሬ ሜትር መደብ 40 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ሁለት ጄሪካን በየቀኑ ይጠጣል ማለት ነው። ሙሉው በርሜል በ5 ቀን ያልቃል። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ የሚያገኝ ቤተሰብ የበጋውን መደብ ማሳነስ፣ የቀረውን መሬት ደግሞ እንደ ጤና አዳም ላሉ ድርቅን ለሚታገሡ ተክሎች መተው ይሻለዋል።

ሦስተኛው ቅዝቃዜ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬት ሙቀቷን በጨረር መልክ ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ ሙቀቱን የሚያስቀር ደመና የለምና ማለዳ ላይ ውርጭ ይወርዳል። በሶብላና ቃሪያ ይህን አይችሉም። ቀን ፀሐይ ሲሞቅ የዋለ የድንጋይ ግንብ ግን ሌሊት ሙቀቱን ቀስ በቀስ ስለሚመልስ፣ ከግንቡ ጥግ የተተከሉት የመትረፍ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ሺፈራውንም በዚሁ ዓይን ማየት ይገባል። በኮንሶ የቤተሰብ ምግብ ነው፤ ቅጠሉም ገንቢ ነው። ነገር ግን የሞቃት አካባቢ ዛፍ በመሆኑ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ባለ ግቢ እንደ ኮንሶው እንዲያፈራ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው።

ግቢው ከፈቀዳቸው መካከል የሚመርጠው ወጥ ቤቱ ነው። በደጋና በወይና ደጋ ግቢ ቀዳሚውን ስፍራ ለሐበሻ ጎመን እሰጣለሁ። ከሥር ከሥሩ እየተቀነጠሰ ለወራት ይበላል፤ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ቤታ ካሮቲንም ይሰጣል። የቫይታሚን ኤ እጥረት በሕፃናት ላይ ዓይነ ስውርነት እንደሚያስከትል ይታወቃል። ይህ ንጥረ ነገር በቅባት የሚሟሟ በመሆኑ ጎመንን በዘይት ወይም በቅቤ ማብሰላችን ሳይንሳዊ መሠረት አለው። ናጋሃሩ ኡ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ ጎመን 8 ጥንድ ክሮሞሶም ያለው ጥቁር ሰናፍጭና 9 ጥንድ ያለው የጥቅል ጎመን ወገን ተዳቅለው ያስገኙት ባለ 17 ጥንድ ተክል ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ለቅቤው ኮሰረት፣ ለቡናው ጤና አዳም፣ ለጠላውና ለጠጁ ጌሾ ይከተላሉ። ሣሩ ግን ውኃውን ጠጥቶ ለማዕድ የሚያመጣው የለም።

«እናቶቻችን መቼ ለክተው ተከሉ?» የሚል አይጠፋም። ለክተዋል፤ መለኪያቸው የትውልዶች ትዝብት ነበር። ቡናና እንሰት ከትልልቅ ዛፎች ሥር ተሰባጥረው የሚለሙበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው ይህ ዕውቀት ሥራ ላይ ውሎ ስለሚታይ ነው። ነገር ግን ያ ዕውቀት የዚያ ቦታ ዕውቀት ነው። ከዲላ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ሰው ዘሩን ይዞ ይመጣል እንጂ የአገሩን ፀሐይና ዝናብ ይዞ አይመጣም። ዙሪያውን ፎቅ በሚከብበው ከተማም የአምናው ትዝብት ለዘንድሮ ላይሠራ ይችላል።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ የብርሃን አስተፃምሮን ለፈተና ብቻ አታጥኑት። 1 ሜትር ርዝመት ያለው እንጨት በግቢያችሁ አቁማችሁ የጥላውን ርዝመትና አቅጣጫ በየወሩ መዝግቡ። አፉ እንደ ታቹ ሰፊ የሆነ ጣሳ ደጅ አስቀምጡና የዝናቡን ከፍታ በማስመሪያ ለኩ። በኅዳር ማለዳ የቴርሞሜትሩን ንባብ ጻፉ። ከዚያም ማስታወሻችሁን ለወላጆቻችሁ አሳዩና ለመጪው ክረምት የሚገዛውን ችግኝ አብራችሁ ምረጡ።