ለክብርት የጤና ሚኒስትር፦ ስለ ወረዳው የሕዝብ ጤና ሐኪም ሥልጣን

ክብርት ሆይ፤

በ1951 ዓ.ም. መባቻ፣ ዝናሙ ከልማዱ አብልጦ በዘነመበትና አየሩም በሞቀበት ወራት፣ ወባ ከቆላ ወደ ወይና ደጋው ወጥታ ደሙ ባልለመዳት ሕዝብ ላይ በወደቀች ጊዜ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ይገመታልና፣ እኛ በሕዝብ ጤና ሙያ የተሠማራን ሐኪሞች ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ውኃ በቋጠረ ቁጥር ያን መዓት ሳናስብ አናልፍም። ከዚያም ቀደም ብሎ በደንቢያ የወረደው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ነፍስ ከቀጠፈ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን በአንድነት አስተምሮ በአንድነት ወደ ገጠር መስደዱ፣ በእኔ አስተያየት በአገራችን የሕክምና ታሪክ ከተሠሩት ሁሉ ጥበብ የበዛበት ሥራ ነበር።

የዛሬው ሥራችን ለተመልካች ዓይን እምብዛም አይገለጥም። በጤና ኬላው ግድግዳ በተለጠፈው ሰንጠረዥ ላይ፣ ባለፉት 5 ዓመታት በዚያው ሳምንት ስንት ድውያን እንደ ነበሩ ተመዝኖ የማስጠንቀቂያው መስመር ይሰመራል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም የየሳምንቱን የምርመራ ውጤት በነጥብ ታሰፍርበታለች፤ ሐኪሙም ነጥቦቹ ወደ መስመሩ ሲጠጉ አይቶ፣ የትኛው ቀበሌ ቤቱ ይረጭ፣ የትኛው ረግረግ ይደፈን፣ መድኃኒቱስ አስቀድሞ ወዴት ይላክ ብሎ ይወስናል።

መወሰኑስ ይወስናል፤ ውሳኔውን የሚፈጽምበት ገንዘብ ግን በእጁ የለም። ስሙን በማልጠቅሰው ወረዳ ስሠራ፣ ነጥቡ መስመሩን ካለፈ በኋላ ለመኪና ነዳጅና ለረጪዎች አበል የተጻፈው ደብዳቤ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ሲመላለስ፣ ወባዋ ማኅተም ሳትጠይቅ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ተሻገረች። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን እርስዎ ከእኔ አብልጠው ያውቁታል፤ ጦርነቱና መፈናቀሉ የጨመሩትን ባልክድም፣ የዘገየው ነዳጅም ድርሻ አለው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው፤ ነጥቡ መስመሩን ባለፈበት ሳምንት የወረዳው የሕዝብ ጤና ሐኪም የማንንም ፊርማ ሳይጠብቅ የሚያወጣው መጠባበቂያ ገንዘብ ክረምቱ ሳይወጣ በእጁ ይሁንለት። ሒሳቡን በታኅሣሥ ኦዲተር ይመርምረው፤ ያጎደለም ቢገኝ በሕግ ይጠየቅ። ይህን የሚፈቅደውን መመሪያ ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር ተመካክረው እንዲያስረቅቁልን እለምናለሁ፤ ለረቂቁም የሚደክሙ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ።

በታላቅ አክብሮት፣
አንድ የሕዝብ ጤና ሐኪም