አልተበላሸም፣ ተረስቶ ነው

ዛሬ ስለ ሣር ማጨጃ ማሽን ላጫውታችሁ ነው። “ይህ ደግሞ ከትዳር ጋር ምን አገናኘው?” እንዳትሉኝ፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ባለፈው ክረምት በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ሰርግ ሊደረግ ሁለት ቀን ሲቀረው ሣሩ ጉልበት ደርሶ ነበር። ባለቤቴ ከወጣቶቹ ጋር ማሽኑን ከዕቃ ቤት አውጥቶ የማስነሻ ገመዱን ይስብ ጀመር። ሃያ ጊዜ ሳበ፣ ሠላሳ ጊዜ ሳበ፤ ሞተሩ አልነሣ አለ። እኔም ከበሩ ላይ ቆሜ “ድሮስ አንተ የያዝከው ነገር መቼ ይሠራል!” አልኩት። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ወጣቶቹ ግን አንገታቸውን ደፉ። ባለቤቴ አንድም ቃል አልመለሰልኝም። ማታም ማዕዱን ባረከ፣ በላ፣ ፊቱን አዙሮ ተኛ።

በማግሥቱ ጠዋት በመካኒክነት ኖረው ጡረታ የወጡ አንድ አባታችን መጡ። ማሽኑን ከመንካታቸው በፊት ጠየቁ። “መጨረሻ የሠራው መቼ ነው?” “ጥቅምት ላይ።” “ቤንዚኑስ?” “ያኔ የተረፈው ነው።” አባታችን ፈገግ አሉና “ፓስተር፣ ይህ ሞተር አልተበላሸም፤ ተረስቶ ነው” አሉት።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጥቅምት ላይ ወጣቶቹ ማሽኑን ሊያጸዱት ሲሉ “የመዝሙር ልምምድ ይረፍድባችኋል፤ እንዲሁ አስገቡት” ያልኳቸው እኔው ነበርኩ።

በየቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ይህ ማሽን ስላለ፣ አባታችን ያሳዩንን በቅድሚያ ላካፍላችሁ።

ከሁሉ በፊት፦ ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ። ከዚያ የካንዴላው ቆብ ይነቀል። ይህ ሳይደረግ ማንም እጁን ወደ ስለቱ አይስደድ፤ ስለቱ ሲዞር ሞተሩ ሊነሣ ይችላል። ቤንዚንም በጋለ ሞተር ላይ አይቀዳም።

ቤንዚን፦ ቤንዚን ሲቀመጥ ያረጃል። ከአንድ ወር በላይ ከቆየ እየከበደ ሄዶ ሙጫ የመሰለ ነገር ይተዋል፤ ያም የካርቡራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። የእኛን ማሽን ያሰረው ይህ ነው። ስለዚህ ክረምቱ አልፎ ማሽኑ ከመቀመጡ በፊት ጋኑን አራግፉ፤ ከዚያም ሞተሩን አስነሥታችሁ የቀረው ቤንዚን አልቆ ራሱ እስኪጠፋ ተዉት።

ዘይት፦ ባለ አራት ጎማው የሚገፋ ማጨጃ አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱ ለብቻው ነው። በተጠቀማችሁ ቁጥር፣ ማሽኑ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ የዘይቱን መጠን በመለኪያው እዩ። አዲስ ማሽን ከሆነ ብዙ አምራቾች ከመጀመሪያዎቹ 5 ሰዓታት ሥራ በኋላ፣ ከዚያም በየ25 ወይም በየ50 ሰዓቱ እንዲቀየር ያዝዛሉ፤ ቢያንስ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ይቀየር። ሞተሩ ለብ ሲል ዘይቱ ከነቆሻሻው በደንብ ይወርዳል። በትከሻ የሚንጠለጠለው ማጨጃ ግን ብዙውን ጊዜ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይደባለቃል። መጠኑ 50 ለ1 ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ማለት ነው። በንጹሕ ቤንዚን ብቻ ካሠራችሁት ፒስተኑ ይነክሳል። የማሽናችሁን መመሪያ መጽሐፍ ተከተሉ።

የአየር ማጣሪያ፦ ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ውኃ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ ከዚያ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ ተደርጎበት ይጨመቅ። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ ቀስ ተብሎ ይራገፋል፣ ካልጸዳ ይቀየራል።

ካንዴላ፦ ጫፉ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። ጥቀርሻ ከያዘ ሞተሩ አየር አጥሮታል ወይም ቤንዚን በዝቶበታል።

ስለት፦ የደነዘዘ ስለት ሣሩን አይቆርጠውም፣ ይቦጫጭቀዋል፤ ጫፉም ይደርቃል። ለመሳል ማሽኑን ስታጋድሉት የአየር ማጣሪያው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፤ አለበለዚያ ዘይቱ ማጣሪያውን ያበላሸዋል። ጠቢቡ በመክብብ 10፥10 ላይ ምሳሩን ያልሳለ ሰው ብዙ ጉልበት እንደሚያወጣ ያሳስበናል። ባለቤቴ ያን ዕለት የሳበው ሠላሳ ጊዜ ይህንን ጥቅስ አስታወሰኝ።

አባታችን ካርቡራተሩን አጽድተው፣ ዘይቱን ቀይረው፣ አዲስ ቤንዚን ሲጨምሩበት ሞተሩ በሦስተኛው ስበት ተነሣ። እኔም የተናገርኩት በወጣቶቹ ፊት ስለነበር ይቅርታዬም በጓዳ መሆን እንደሌለበት ገባኝ። እዚያው ጠርቻቸው “ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ በእናንተ ፊት ባለቤቴን አዋርጃለሁ፤ ይቅር በሉኝ” አልኩ። ባለቤቴም “እኔስ ከጥቅምት ጀምሮ መች ዞር ብዬ አየሁት?” አለ። ሁላችንም ሳቅን።

ውድ ባለትዳሮች፣ ትዳር ተበላሽቷል ብለው ወደ እኛ ከሚመጡት መካከል ብዙዎቹ የተረሱ ናቸው። ባል አገልግሎት በዝቶበታል፤ ሚስት ከልጆችና ከሥራ ጋር ትታገላለች፤ ሁለቱም በሰርጋቸው ሰሞን ፍቅር ዛሬ ሊነሡ ይሞክራሉ። የዓምናው ቤንዚን ግን አያስነሣም። ኤፌሶን 4፥26 ቁጣችን ላይ ፀሐይ እንዳትጠልቅ የሚያዝዘን ሙጫው ሳይደርቅ እንድናጸዳው ነው። እኔ ግን አንዲት ሌሊት አሳድሬዋለሁ፤ ያቺ ሌሊት ረጅም ነበረች።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ዱላና ማስፈራራት ያለበት ቤት ችግሩ መረሳት አይደለም፤ “ታገሺና ያልፋል” የሚባልበትም አይደለም። እኅቴ፣ እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ ራስሽንና ልጆችሽን ከአደጋ አርቂ፤ ለምታምኛቸው አገልጋዮችና ለሕግ አካል ተናገሪ።

ለሌሎቻችን የዚህ ወር የቤት ሥራ ቀላል ነው። አንድ ምሽት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስልኩን አጥፉና ቁጭ በሉ። እያንዳንዳችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ “በዚህ ወር ምን ረሳሁብህ? ምን ረሳሁብሽ?” መልሱን ሳትከራከሩ ስሙ፤ ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ጸልዩ። ማሽን ያላችሁ ደግሞ በነጋታው ዘይቱን እዩ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።