እግሬ መሬት አልነካ አለኝ!

የዛሬው ጨዋታችን የፍቅርና የትዳር አይደለም፤ እነሱ ለአንድ ሳምንት አረፍ ይበሉ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሞተር ሳይክልና ስለ ቁመት ነው። ቁመት ስል ስለ እጥረት ማለቴ ነው። እኔ ራሴ ጫማዬን አድርጌ 1 ሜትር ከ62 ነኝ። 12ኛ ክፍልን የጨረስኩት «ጉርድ» እየተባልኩ ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ከሩቅ ሆኜ የምመክር እንዳይመስላችሁ።

ነገሩን ያነሳው አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ የ24 ዓመት ወጣት ናት። አሳጥሬ ላቅርብላችሁ፤

«ወንድሜ፣ ከስንት ፍለጋ በኋላ በአንድ ድርጅት የመስክ ሥራ አገኘሁ። የምሠራው ከከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ኮሮኮንቹም ጭቃውም ይጠብቀኛል። ድርጅቱ የሞተር መግዣ ያበድረኛል፤ የምመርጠው ግን እኔ ነኝ። መንጃ ፈቃዱን በትንሽ ሞተር ተፈትኜ አውጥቻለሁ። ችግሬ ቁመቴ ነው፤ 1 ሜትር ከ57 ነኝ። ለገጠር መንገድ ይሆናል የተባለ ሞተር ላይ ብወጣ ሁለቱም እግሮቼ አየር ላይ ቀሩ። ሻጩ ሳቀ። አብሮኝ የሄደው ወንድሜም ሳቀ። አለቃዬ ደግሞ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልወሰንሽ ቦታውን ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን ብሎኛል። ልተወው ወይስ ልድፈር?»

እህቴ፣ አትተዪው። ግን ዝም ብለሽም አትድፈሪ። «ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» ይባላል፤ ሞተር ላይ ግን ደፋሩ አንዳንዴ የሚወጣው በመሪው ላይ ተሻግሮ በግንባሩ ነው! ይህን የምልሽ በራሴ ስለደረሰ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ነው፣ ገና 20 ዓመት እንደሞላኝ። ትንሽ ገንዘብ ቋጥሬ አንድ ያገለገለ የገጠር ሞተር ገዛሁ። እነዚያን ረዣዥም እግር ያላቸውን፣ ጎማቸው ጥርሳም የሆነውን ታውቋቸዋላችሁ። ለምን እሱን መረጥክ ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ ከፍ ስለሚል! ዘኬዎስ ሾላ ላይ የወጣው ለማየት ነበር፤ እኔ ሞተር ላይ የወጣሁት ለመታየት ነው። ስቆም እግሬ በጣቴ ጫፍ ብቻ ነበር መሬት የሚነካው። «ይለመዳል» አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ታናሽ እህቴን ከኋላዬ አፈናጥጬ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ወደ ፒያሳ ስወጣ፣ ከፊቴ ያለው መኪና ቀጥ አለ። እኔም ቆምኩ። ቀኝ እግሬን ወደ ታች ሰደድኩ... አስፋልቱ የለም! እግሬ የወረደው ዝቅ ባለው በኩል ነበርና ሦስት ጣት ያህል ጎደለው። ሞተር ሲወድቅ ቶሎ አይወድቅም፤ እያያችሁት፣ ቀስ ብሎ፣ እያሾፈ ነው የሚወድቀው። እኔ ዘልዬ ወረድኩ። የእህቴ ቁርጭምጭሚት ግን ከሥር ቀረ። ተሰብሮ ስድስት ሳምንት በጄሶ ሰነበተች።

ለእናቴ «ሚኒባስ ገፍቶን ነው» አልኳት። እህቴም አላጋለጠችኝም። ያ ያልነበረ የሚኒባስ ሾፌር እስከ ዛሬ ድረስ በእናታችን አፍ ሲረገም ይኖራል።

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ።

መጀመሪያ ራስሽን ለኪ። ሙሉ ቁመትሽ ብዙም አይነግርሽም፤ አንድ ዓይነት ቁመት ኖሯቸው የአንዷ እግር፣ የሌላዋ ወገብ የሚረዝም አሉ። ጫማሽን አውልቂና ጀርባሽን ግድግዳ አስደግፈሽ ቁሚ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮችሽ መካከል አስገብተሽ፣ እንደተቀመጥሽ ያህል ወደ ላይ አጥብቀሽ ያዢው። የመጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ ግድግዳው ላይ የደረሰበትን ምልክት አድርገሽ ከወለል ጀምሮ ለኪ። ይህ የእግርሽ ልክ ነው። ሻጭ ጋ ስትሄጂ ይህን ቁጥር በእጅሽ ጽፈሽ ሂጂ፤ ሲስቅብሽ ቁጥሩን አሳዪው።

ቀጥሎ የሞተሩን የመቀመጫ ከፍታ ጠይቂ። ፋብሪካዎቹ በሚሊ ሜትር ይጽፉታል። የታወቁትን ልጥቀስልሽ። ሆንዳ ሲአርኤፍ 300 ኤል 880 ነው፤ ለኛ ቢጤ ፎቅ ማለት ነው። ኬቲኤም 390 አድቬንቸር እስከ 2024 እ.ኤ.አ. በተሠራው ሞዴሉ 855 ነው። ቢኤምደብሊው ጂ 310 ጂኤስ 835፣ ካዋሳኪ ቨርሲስ ኤክስ 300 ደግሞ 815 ነው። ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 250 እና በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የሮያል ኤንፊልድ ሂማላያን 411 ሁለቱም 800 ናቸው። አዲሱ ሂማላያን 450 ከ825 ይጀምራል። ትልልቆቹማ፣ እንደ ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስ ያሉት፣ 850 ናቸው፤ ክብደታቸውም 250 ኪሎ ገደማ ነው።

አሁን ሂሳቡን አብረን እንሥራ። የእግርሽ ልክ 71 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ሶሉ 3 ሴንቲ የሆነ ቡት ጨምሪበት፤ 74 ሆነ። መቀመጫው 80 ቢሆን 6 ሴንቲ ጎደለሽ። አንቺ ስትቀመጪበት ሞላው ትንሽ ይወርዳል፤ የቀረውን ተረከዝሽን አንስተሽ በጣቶችሽ ትጨርሺዋለሽ። «እግሬ ካልደረሰ አበቃልኝ» የሚባለው ወሬ ስለዚህ ትክክል አይደለም። ሁለት ተረከዝ መሬት ላይ መለጠፍ ግዴታ አይደለም። የአንድ እግር ግማሽ መዳፍ ተማምኖ ከረገጠ ይበቃል።

ሻጩ የማይነግርሽ ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው ስፋት ነው። መቀመጫው ሰፊ ከሆነ እግሮችሽ እንደ ኮምፓስ ይከፈታሉ፤ በተከፈቱ ቁጥር ደግሞ ያጥራሉ። ፊት ለፊቱ ጠባብ የሆነ 83 ሴንቲ፣ ሰፊ ከሆነ 80 ሴንቲ ሊቀልሽ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱን አይተሽ ብቻ አትግዢ፤ ቡትሽን አድርገሽ ውጪበትና ወደ ፊት ተጠግተሽ ሞክሪው።

ሁለተኛው ክብደት ነው። እኔን ዋጋ ያስከፈለኝም ይኸው ነው። ከላይ የጠቀስኩት ሂማላያን 411 መቀመጫው ዝቅ ይበል እንጂ 199 ኪሎ ይመዝናል። ሆንዳው ከሱ 8 ሴንቲ ይበልጣል፤ ክብደቱ ግን 142 ኪሎ ነው። 57 ኪሎ ልዩነት ማለት አንድ ሰው ተጨማሪ አዝሎ እንደመቆም ነው! ሞተር ቀጥ ብሎ ሲቆም ማንኛውም ሰው ይይዘዋል። ትንሽ ካጋደለ በኋላ ግን የሚይዘው ጉልበት ነው፤ አጭር ሰው ደግሞ እግሩ መሬት እስኪያገኝ ሞተሩ ይበልጥ ያጋድላል። የተሞላ የነዳጅ ጋንና ከኋላ የተቆለለ ጭነት ነገሩን ያብሱታል። ከኋላዬ እህቴ ባትኖር ኖሮ ያን ቀን ምናልባት እይዘው ነበር።

«ሞተሩን ማሳጠር አይቻልም ወይ?» ትይኛለሽ። ይቻላል፤ ግን ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ፋብሪካው ራሱ ዝቅተኛ መቀመጫ ይሠራለት እንደሆነ ጠይቂ፤ ለምሳሌ ለቢኤምደብሊው ጂ 310 ጂኤስ አለው። ካልሆነ የወንበር ልብስ ሰፊዎች ጋ ወስደሽ ስፖንጁን ማስቀነስ ነው። ብልሃቱ ከላይ ሳይሆን ከፊት ለፊት ሁለቱ ጎኖች ማስቀነስ ላይ ነው፤ እግርሽ ይሰበሰባል፣ መቀመጫሽም አይጎዳም። ከላይ ሙልጭ አድርገው ከቀነሱት አንድ ሰዓት ሳትነጂ ብረት ላይ የተቀመጥሽ ይመስልሻል።

ሞላውንና የኋላውን ማያያዣ ብረት እያስለወጡ ሞተሩን ማውረድ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። ኋላው ብቻ ወርዶ ፊቱ ከቀረ አነዳዱ ይበላሻል። ሆዱ ወደ መሬት ስለሚቀርብ ኮሮኮንቹ ላይ ድንጋይ ይመታዋል፤ አንቺ ደግሞ የምትፈልጊው ለኮሮኮንቹ ነው። የጎን ማቆሚያውም ካላጠረ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቆምና ንፋስ ሲነካው በሌላው በኩል ይተኛል። የሞላውን ማጥበቂያ እያላሉ ዝቅ ማድረግም አለ፤ ብዙ ከላላ ግን ጉድጓድ ላይ ቁጭ ይላል። በሀብታም አገር ነገሩን በኮምፒውተር ፈተውታል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ሃርሊ ዴቪድሰን ፓን አሜሪካ፣ በአንደኛው ዓይነቱ ላይ፣ ሊቆም ሲል ራሱን ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ ይዞ መጥቷል። ግመል ነው በሉት፤ ለጌታው የሚንበረከክ! ዋጋውን ግን አትጠይቁኝ።

አሁን ወደ አነዳዱ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ነውና እሑድ ጠዋት ባዶ ሜዳ ፈልጊ።

አንደኛ፣ ሁለት እግር ማውረድ ተዪ። ልትቆሚ ስትይ ቂጥሽን ከመቀመጫው ትንሽ ወደ ግራ አንሸራቺና ግራ እግርሽን ብቻ አውርጂ፤ ቀኙ የኋላ ፍሬን ላይ ይቆይ። እንዲህ ስታደርጊ የወረደው እግርሽ ምን ያህል እንደሚረዝም ስታዪ ራስሽ ትስቂያለሽ።

ሁለተኛ፣ ከመቆምሽ በፊት መሬቱን እዪ። ጉድጓድ፣ ቦይና ጠጠር ካለበት አልፈሽ ወይም ቀድመሽ ቁሚ። መንገዱ ወደ ጎን ካዘመመ ሁልጊዜ እግርሽን ከፍ ባለው በኩል አውርጂ። እኔ ይህችን አንዲት ነገር ባውቅ ኖሮ እህቴ ጄሶ አታስርም ነበር።

ሦስተኛ፣ ስታቆሚው መውጫሽን አስቢ። አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት አድርገሽ ግድግዳ ሥር ካቆምሽው ተቀምጠሽ ወደ ኋላ ልትገፊው አትችይም። ወርደሽ ከጎኑ ሆነሽ ግፊው፤ ምንም አያሳፍርም። ለገበሬ ሥራ ተብለው የተሠሩት ያማሃ ኤጂዎች ማቆሚያ በግራም በቀኝም አላቸው፤ ተዳፋት ላይ ለማቆም ግሩም ነው።

አራተኛ፣ መውደቁ ካልቀረ ልቀቂው! እግርሽን ከሥሩ አታስገቢ። ሞተር ይጠገናል። ከወደቀ በኋላ ሞተሩን አጥፊ፣ ማርሽ ውስጥ አስገቢው። የወደቀው በቀኝ ከሆነ የጎን ማቆሚያውን አስቀድመሽ ዘርጊ። ከዚያ ጀርባሽን ለሞተሩ ሰጥተሽ፣ ቁጢጥ ብለሽ፣ በአንድ እጅሽ መሪውን በሌላው የኋላውን ብረት ይዘሽ፣ በወገብሽ ሳይሆን በእግርሽ ጉልበት ወደ ኋላ እየተራመድሽ አንሺው። አንድ ሞተር ከመግዛትሽ በፊት ባለቤቱ ፊት አስተኝተሽ ማንሳት ካቃተሽ እሱ ያንቺ አይደለም። በመስክ መንገድ ላይ የሚያነሳልሽ ሰው ሁልጊዜ አታገኚም።

ሄልሜትና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቡትማ የግድ ነው። ቁርጭምጭሚት ያልኩበትን ምክንያት ታውቂያለሽ።

ስለዚህ የኔ ምክር ይህ ነው። ላንቺ ሥራ ትልቁ ሞተር አያስፈልግሽም። ከ125 እስከ 200 ሲሲ ያለው፣ ቀለል ያለ፣ መቀመጫው ከፊት ጠበብ ያለ ሞተር ይበቃሻል። መቀመጫው 82 ወይም 83 ሴንቲ ቢሆን እንኳ ቀላል እስከሆነ አትፍሪው፤ በቡት፣ በስፖንጅ ማስቀነስና በአንድ እግር አቋቋም ይሸፈናል። 80 ሆኖ 200 ኪሎ ከሚመዝነው እሱን እመርጣለሁ። መለዋወጫው በምትሠሪበት አካባቢ መገኘቱን፣ የሰሌዳውንና የፈቃዱን ጉዳይም ቀድመሽ አጣሪ። ወደ አዲስ አበባ የምትገቢበት ከሆነ ደግሞ ከተማዋ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተሮች ላይ እገዳና ቁጥጥር ማምጣቷን አትርሺ።

ወንድምሽንም አንድ ነገር በይልኝ። ዳኒ ፔድሮሳ የሚባለው ስፔናዊ ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 ገደማ ነው። ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ በትልቁ የሞቶ ጂፒ ውድድር ብቻ 31 ጊዜ አሸንፏል። ሲቆም እግሩ ደረሰ አልደረሰ ብሎ የሳቀበት ካለ ጀርባውን እያየ ነው የሳቀው።

እኔም ዛሬ ሞተር አለኝ፤ ዝቅ ያለች፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት። ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ለእህቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «የሚኒባሱን ነገር እውነቱን ጻፈው፤ እኔም ሰለቸኝ» አለችኝ። ጻፍኩት።

እናቴ ይህን ጋዜጣ በየሳምንቱ ታነባለች። እማዬ፣ ያ ሾፌር የለም። የጣልኳት እኔ ነኝ። እርግማኑን አንሺለት።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን፤ እህቴ፣ የወሰንሽውን ጻፊልኝ። ለሁላችሁም ቸር ይግጠመን!