ለውሻውም መፋቂያ ይሰጠው

ውሻ በበላበት ይጮኻል እንላለን። ከጩኸቱ ሌላ የምንፈልግበት ነገር ስለሌለም በር ሥር አስረን፣ ማታ ማታ ትርፍራፊ ወርውረንለት እንረሳዋለን። የልጁ ጫማ ተዘልዝሎ፣ አትክልት የምናጠጣበት ጎማ ተበሳስቶ ሲገኝ ግን ትዝ ይለንና ዱላ እናነሳለን። ውሻው ባለጌ ሆኖ አይደለም፤ ሥራ ፈትቶ ነው።

ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው። አራት ወር ገደማ ሲሆነው መርገፍ ይጀምራሉ፤ ስድስት ሰባት ወር ሲሞላው 42 ቋሚ ጥርሶች ተተክተው ያልቃሉ። በዚህ መሀል ድዱ እረፍት ስለሚነሳው ያገኘውን ሁሉ ይቆረጥማል። ካደገም በኋላ ማኘክ አይቀርለትም፤ ታስሮ ለሚውል ውሻ መዝናኛውም፣ የጥርሱ ማጽጃም እሱ ነው። እኛ የወይራ መፋቂያ ጥርሳችን ላይ ሰክተን ሰፈር ስንዞር እንደምናረፍደው፣ እሱም የራሱ መፋቂያ ያስፈልገዋል።

አውሮፓና አሜሪካ ይህ ነገር ገበያ ከሆነ ቆይቷል። የወይራና የቡና እንጨት ተልጦ፣ ደርቆ፣ ጠርዙ ተሞርዶ ለውሻ ማኘኪያ ይሸጣል። የቡናው እንጨት በብዛት የሚሄደው ከቬትናም ነው፤ ምርቱ የቀነሰ ዛፍ ሲቆረጥ ግንዱ ለዚህ ይውላል። እኛም ያረጀ ቡና እንጎነድላለን፤ እንጨቱ ግን ምድጃ ይገባል። ማገዶም ጥቅም ነው። ቢሆንም የቡና አገር ወጣቶች ጥቂቱን ልጠውና አድርቀው ለከተማ ውሻ አሳዳጊ ቢሸጡት ክፋት የለውም።

«ተፈጥሯዊ ነው» ሲባል ግን ቶሎ አንመን። ለፍላጻ መርዝ የሚቀመመው ምረንዝም ተፈጥሯዊ ነው። አጥር ላይ የምንተክለው ቅንጭብም እንዲሁ፤ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ መዘዙ ብዙ ነው። ከግንባታ የተረፈ ጣውላና ቺፑድ ደግሞ ሙጫ፣ ቀለምና ሚስማር አያጣም። ስለዚህ የማያውቁትን ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ መስጠት አይገባም።

ዛፉ ቢታወቅም ጣጣው አያልቅም። በቀላሉ የሚሰነጠቅ እንጨት ስንጥሩ ድድ ይወጋል፣ ጉሮሮ ይቀረቀራል። ከመጠን በላይ የጠነከረው ደግሞ ጥርስ ይሰብራል፤ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ውሻው ጠንካራ ነገር የሚቆረጥምበት ትልቁ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ነው። የቡናና የወይራ እንጨት የሚመረጡት እንደ መርፌ ከመሰንጠር ይልቅ ጫፋቸው እንደ ብሩሽ ስለሚፈተል ነው፤ ግን ጠንካሮች ናቸው። በኃይል ለሚነክስ ውሻ ለስለስ ያለ ማኘኪያ ይሻላል። የእንስሳት ሐኪሞች ለመለኪያ የአውራ ጣት ጥፍርን ይመክራሉ፦ ጥፍር ሲጫኑት ምልክት የማይዝ ነገር ለውሻ ጥርስም አይመችም።

ውሻው ሲያኝክ አጠገቡ ሆኖ ማየት ነው። እንጨቱን በሁለት የፊት እግሮቹ ይይዝና አንገቱን አዘንብሎ በጎን ጥርሱ ይፍቀዋል፤ የሚረግፈው እንደ ክር የደቀቀ ከሆነ ደህና ነው። ሹል ስንጥር ከወጣ ወይም እንጨቱ አልቆ አፉ ውስጥ እስኪገባ ካነሰ ወዲያው መቀማት ነው። ወርውሮ ማስመጣቱም ይቅር፤ እየሮጠ የሚቀበለው እንጨት ጉሮሮውን ሊወጋው ይችላል። የበሰለ አጥንት ደግሞ ከእንጨትም ይብሳል፤ ሲነከስ እንደ ስለት እየሾለ ይሰባበራል።

ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ የለውም፤ የሚጠይቀው ትንሽ ጊዜ ነው። መፋቂያ ሰጠሁት ብሎ ግን ሰንሰለቱ ላይ መተው አይቻልም፤ ውሻ በቀን አንዴ እንኳ ተፈትቶ መሮጥ አለበት። ለዚህ ጊዜ የሌለው ሰው ለበሩ ጥሩ ቁልፍ ይግዛ እንጂ ውሻ አያሳድግ።