ልጅዎ «ቤት ውስጥ ልቅዳ» ሲልዎ፦ ኮምፒውተር ከመግዛትዎ በፊት

ልጅዎ ክራር ወይም ጊታር መነካካት ከጀመረ፣ ወይም ሲያንጎራጉር ጎረቤት ጆሮውን መስጠት ከጀመረ፣ አንድ ጥያቄ ወደ ቤትዎ መምጣቱ አይቀርም፦ «ቤት ውስጥ መቅዳት እፈልጋለሁ፤ ኮምፒውተር ግዙልኝ።» ጥያቄው ብዙውን ጊዜ ከነመልሱ ነው የሚመጣው። አንዱ ጓደኛው «ማክ ካልሆነ አይሆንም» ብሎታል፤ ሌላው ደግሞ «ዊንዶውስ ካልሆነ ቢት አይሠራም» ብሎታል። በመካከል ወላጅ የሚታየው የላፕቶፑ ዋጋ ብቻ ነው።

የዚህ ወር ምክራችን አጭር ነው፦ ኮምፒውተሩን መጨረሻ ላይ ያስቡት። መጀመሪያ ልጅዎ ምን መቅዳት እንደሚፈልግ ይጠይቁት፤ ቀጥሎ ለዚያ ሥራ የሚሆነውን ፕሮግራም ይምረጡ፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከዚያ በኋላ የሚወሰን ነገር ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ከሄዱ ቤት ያለው ላፕቶፕ ሊበቃ እንደሚችል ያዩታል። የተረፈው ገንዘብ ለማይክሮፎንና ለሳውንድ ካርድ ይውላል።

ልዩነቱ የቱ ላይ ነው?

አንድ ነገር ከመጀመሪያው እንወቅ። የድምፁን ጥራት የሚወስኑት ማይክሮፎኑ፣ የሚቀዳበት ክፍልና በዩኤስቢ የሚሰካው ሳውንድ ካርድ ናቸው። በአንድ ማይክሮፎንና በአንድ ሳውንድ ካርድ የተቀዳ ድምፅ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊነክስም ያው ነው። ልዩነቱ ያለው በሁለት ነገሮች ላይ ነው፦ የትኞቹ ፕሮግራሞች እንደሚጫኑበትና ድምፁ ምን ያህል እንደሚዘገይ።

መዘግየት ስንል ምን ማለታችን ነው? ልጅዎ ሲዘፍን ድምፁ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል፤ ተሰልቶም ወደ ጆሮ ማዳመጫው ይመለሳል። ኮምፒውተሩ ድምፁን የሚያስተናግደው ጥቂት በጥቂት እየሰበሰበ ነው፤ በፕሮግራሞቹ ውስጥ «በፈር ሳይዝ» የሚባለው ቁጥር የዚህ ክምችት መጠን ነው። በሴኮንድ 44,100 ናሙና ሲቀዳ 256 የሚለው ቁጥር 6 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይሆናል፤ 1,024 የሚለው ደግሞ 23 ሚሊሴኮንድ። ይህ የአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ መመለሻው ይጨመርበታል። ድምፅ በአየር ላይ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሴኮንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ በትልቁ ቁጥር መቅዳት ከ15 ሜትር ርቀት የራስን ድምፅ እየሰሙ እንደመዝፈን ነው። ጎበዝ ዘፋኝም ቢሆን ምቱ ይጠፋዋል።

ስለዚህ ሲቀዳ ቁጥሩን ወደ 128 ወይም 256 ዝቅ ማድረግ፣ ቅጂው አልቆ ወደ ሚክሲንግ ሲገባ ደግሞ ወደ 1,024 ከፍ ማድረግ ነው። ማክ ለዚህ ሥራ የሚሆነው ክፍል አብሮት ስለተሠራ አብዛኛው ሳውንድ ካርድ እንደተሰካ ይሠራል። ዊንዶውስ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ እርምጃ አለ፦ «አሲዮ» የተባለውን ድራይቨር መጫን። አሲዮን የፈጠረው ኩቤዝን የሚያዘጋጀው የጀርመኑ ስታይንበርግ ነው። የሳውንድ ካርዱ አምራች ድራይቨሩን በድረ ገጹ ላይ በነፃ ያስቀምጣል፤ ከሌለም «አሲዮ ፎር ኦል» የሚባለው ነፃ ምትክ አለ። «ዊንዶውስ ይዘገያል» ሲባል ከሰሙ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ድራይቨር መጫኑ ነው። ብዙ ሳውንድ ካርዶችም የማይክሮፎኑን ድምፅ በኮምፒውተሩ ሳያዞሩ በቀጥታ ወደ ጆሮ ማዳመጫው የሚልኩበት ቁልፍ አላቸው። ሲገዙ እሱ መኖሩን ይጠይቁ።

ፕሮግራሙን በሥራው ይምረጡ

ልጅዎ የራሱን ድምፅና መሣሪያ የሚቀዳ ከሆነ፦ ሪፐርን ይሞክሩ። በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊነክስም ይሠራል፤ ለመጫንም ቀላል ስለሆነ የቆየ ላፕቶፕ አያስጨንቅም። ከጀርባው ያለው ሰው ብዙዎቻችን ሙዚቃ ስናዳምጥበት የኖርነውን ዊንአምፕን የሠራው ጀስቲን ፍራንከል ነው። 60 ቀን ሙሉ አቅሙን በነፃ መሞከር ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ለግል ተጠቃሚ ዋጋው 60 ዶላር ነው።

ቢት የሚሠራ ከሆነ፦ የቤልጅየሙ ኤፍኤል ስቱዲዮ በወጣቶቻችን ዘንድ በደንብ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በማክም ይሠራል። አንዴ ከተገዛ ቀጣዮቹ ማሻሻያዎች በነፃ ይመጣሉ። የሙከራው ቅጂ ግን አንድ ገደብ አለው፦ ያስቀመጡትን ሥራ እስኪገዙ ድረስ መልሶ አይከፍትም። በተለያየ ዋጋም ስለሚሸጥ፣ የሚገዙት ደረጃ ድምፅ መቅዳት እንደሚፈቅድ ሳያረጋግጡ አይክፈሉ።

ቤት ውስጥ ማክ፣ አይፓድ ወይም አይፎን ካለ፦ ጋራዥባንድ በነፃ ይገኛል፤ ለጀማሪም ከሁሉም ይቀላል። ልጁ ሲያድግበት ሥራውን እንዳለ ወደ ሎጂክ ፕሮ ማሻገር ይችላል፤ የሎጂክ ዋጋ 200 ዶላር አካባቢ ነው። ሁለቱም ግን ከአፕል ውጭ አይሠሩም።

የአያትን ተረት፣ የልጅን ንባብ ወይም አንድ ክራር ብቻ ለመቅዳት፦ ኦዳሲቲ ይበቃል። ነፃ ነው፤ በሦስቱም ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ላይ ይሠራል።

ሊነክስስ? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11ን መቀበል የማይችሉ ጤነኛ ላፕቶፖችም በየቤቱ አሉ። ለእነዚህ ኡቡንቱ ስቱዲዮ ጥሩ ሁለተኛ ዕድሜ ነው። ለድምፅ ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ ሊነክስ ስለሆነ አርዶርን የመሳሰሉ የመቅጃ ፕሮግራሞች አብረውት ይመጣሉ። ልጅዎ መፈታታትና መሞከር የሚወድ ከሆነ ብዙ ይማርበታል። ነገር ግን የሳውንድ ካርዱ ሞዴል ከሊነክስ ጋር መስማማቱን ቀድመው ያጣሩ፤ የንግድ ፕላግኢኖችም አብዛኞቹ ለሊነክስ አልተዘጋጁም።

የእኛ ሙዚቃ ሲቀዳ

እነዚህ ሁሉ ፕሮግራሞች የተሠሩት ሌላ ዓይነት ሙዚቃ ታስቦባቸው ነው። የትኛውንም ቢመርጡ ሦስት ነገሮችን በእጅ ማስተካከል ያስፈልጋል።

አንደኛው ምቱ ነው። አዲስ ሥራ ሲከፈት ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ 4/4 ምትና በደቂቃ 120 ፍጥነት ይሰጣል። ችክችካ የሚጫወት ልጅ በዚህ ላይ ከቀዳ መስመሮቹ ከምቱ ጋር አይገጥሙም። ከመቅዳቱ በፊት ወደ 6/8 ይቀይረው።

ሁለተኛው ቅኝቱ ነው። ክራር በጆሮ ይቃኛል፤ ኪቦርድ ደግሞ ኦክታቩን በ12 እኩል ክፍል ከፋፍሎ የያዘ ነው። ሁለቱ ሳይስማሙ ከተቀዱ በኋላ ማስታረቅ አድካሚ ነው። ወይ ክራሩን ከኪቦርዱ ጋር አስማምቶ መቃኘት፣ ወይ ክራሩን አስቀድሞ ቀድቶ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ኪቦርድ ወደ እሱ ማምጣት ይቻላል። የኪቦርዱን ድምፅ በጣም በትንሹ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ቁጥር አለ።

ሦስተኛው ድምፅ የሚያርመው መሣሪያ ነው። በሜጀር ስኬል ላይ ተትቶ አንቺሆዬ ከተዘፈነበት ትክክለኛውን ድምፅ እንደ ስሕተት ቆጥሮ ወደ ሌላ ይጎትተዋል። ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም የየራሳቸው አምስት ድምፆች አሏቸው። እነሱን ብቻ በእጅ መምረጥ ይቻላል፤ ለጀማሪ ግን ጨርሶ ማጥፋት ይሻላል።

«ክራኩን ማን ያመጣልኛል?»

እዚህ ላይ ወላጅ ዝም ማለት የለበትም። ከጓደኛ ፍላሽ የሚመጣው «የተሰበረ» ፕሮግራም ነፃ ይመስላል። ሲጫን ግን ብዙ ጊዜ «ፀረ ቫይረሱን አጥፋ» ይላል፤ ያ ላፕቶፕ ደግሞ የቤተሰቡ ፎቶ፣ የባንክ መተግበሪያና የእርስዎ የሥራ ሰነድ ያለበት ነው። ስለማይታደስም በማግስቱ ሥራውን ላይከፍት ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ነገ የራሱ ዘፈን ያለ ፈቃዱ ሲባዛ የሚያዝን ልጅ፣ የሌላውን ልፋት ሳይከፍል መውሰድን ከቤቱ መማር የለበትም።

ዶላር የሚከፍል ካርድ ከሌለዎት አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ «ለበዓል ምን ልላክላችሁ?» ሲልዎ ፈቃዱን ይጠይቁት። ሻንጣ አያስፈልገውም፤ በኢሜይል ይደርሳል። እስከዚያው ነፃዎቹ ይበቃሉ።

ከ10 ዓመት በኋላ ማን ይከፍተዋል?

ልጅዎ ዛሬ የሚቀዳው ዘፈን ምናልባት ዓለም አይሰማው ይሆናል። ከበስተኋላው ግን አያቱ ሲያጨበጭቡ ይሰማሉ፤ ድምፁም ገና አልጎረነነም። ያ ቅጂ አይደገምም። ስለዚህ ከየትኛው ፕሮግራም ጋር ይሻላል ከሚለው በላይ «ፕሮግራሙ ቢጠፋ ሥራው ይቀራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይበልጣል።

ይህ የሚሆን ነገር ነው። ሎጂክ በአንድ ወቅት በዊንዶውስም ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 አፕል ሠሪውን ኩባንያ ኢማጂክን ገዛና የዊንዶውሱን አቆመ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የማክ ኦፐሬቲንግ ሲስተምም 32 ቢት የሆኑትን አሮጌ ፕሮግራሞችና ፕላግኢኖች መቀበል አቆመ። በሁለቱም ጊዜ ጥፋቱ የተጠቃሚው አልነበረም፤ ችግሩ ግን የእሱ ሆነ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንድ ዘፈን ባለቀ ቁጥር እያንዳንዱን ትራክ፣ ድምፁን ለብቻ፣ ክራሩን ለብቻ፣ ከበሮውን ለብቻ፣ ሁሉንም ከዜሮ ሰከንድ አስጀምሮ «ዌቭ» በሚባለው ፋይል ማውጣት ነው። ዌቭን የትኛውም ፕሮግራም፣ በየትኛውም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይከፍተዋል። በ24 ቢት የተቀዳ አንድ ትራክ በደቂቃ 8 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ 10 ትራክ ያለው የ5 ደቂቃ ዘፈን 400 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። አንዱን ቅጂ ላፕቶፑ ላይ፣ ሌላውን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ያኑሩ፤ ሃርድ ዲስኩንም ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ አይያዙት። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ «አድሰኝ» ሲልም የተጀመረው ሥራ እስኪያልቅ ይጠብቅ።

ታዲያ መቼ ይገዛ?

በዚህ ቅዳሜ ቤት ባለው ላፕቶፕ ላይ ከላይ ካሉት አንዱን ይጫኑና ልጅዎ አንድ ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሥራበት። አንድ ወር ይስጡት። ሦስት ዘፈን ከጨረሰና ማሽኑ እየቆመ ካስቸገረው፣ ያን ጊዜ ጥያቄው የምር ነው። መግዛትም ካስፈለገ 16 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ ያለው፣ መብራት ሲጠፋ የተቀዳውን ለማስቀመጥ ጊዜ የሚሰጥ ጤነኛ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ይፈልጉ። ማክ ይሁን ዊንዶውስ የሚለውን ልጁ የለመደው ፕሮግራም ይመልስልዎታል።

አንድም ዘፈን ካልጨረሰ ደግሞ አዲስ ኮምፒውተር አያስጨርሰውም። ምናልባት የሚያስፈልገው የክራር አስተማሪ ነው።

በሚቀጥለው ወር ስለ ማይክሮፎን እናወጋለን፤ ጋቢና ብርድ ልብስ የተሞላ ቁም ሣጥንም ለቀረጻ ምን ያህል እንደሚጠቅም እንመለከታለን።