ከጤና ጣቢያው ሪፖርት ጀርባ ያለው ኮድ ተቀየረ፤ እኛስ?

ከእንጦጦ ሥር ባሉት የየካ ክፍለ ከተማ ጤና ጣቢያዎች ስንት ሕፃን ተከተበ፣ ስንት እናት ወለደች የሚለው ሪፖርት በየወሩ ይላካል። መረጃው የሚገባው ዲኤችአይኤስ2 በተባለ ሲስተም ነው። ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው፤ ባለ 13 ወሩን የኛን ካላንደርም ያውቃል።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? የሲስተሙ አፖች በጃቫስክሪፕት ነው የሚሠሩት። ኮዱን ለብራውዘር የሚያዘጋጀው መሣሪያ ለዓመታት ክሪኤት ሪአክት አፕ ላይ የቆመ ነበር፤ ከ12ኛው ስሪት ጀምሮ ግን ወደ ቪት ዞሯል። አሮጌው ሥራ ሲጀመር ኮዱን በሙሉ ይጠቀልላል፤ ቪት ብራውዘሩ የጠየቀውን ፋይል ብቻ ያቀርባል። አቅም ባነሰው ላፕቶፕ ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ነገሩ የፋሽን ጉዳይ አይደለም። ብዙዎቻችን ሪአክትን የጀመርንበት ክሪኤት ሪአክት አፕ ተንከባካቢ አጥቷል። የሪአክት ቡድንም እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2025 ለአዲስ ሥራ እንዳንጠቀምበት አስታውቋል።

እውነቱን ለመናገር፣ ሪፖርት የምታስገባዋ ነርስ ዛሬ ምንም ለውጥ ላይታያት ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ሲስተሙ ሲታደስ ነው፤ በአሮጌው መሣሪያ ተሠርቶ የቀረን አፕ ማን ይጠግነዋል? ኮተቤ ወይም መገናኛ ቁጭ ብሎ ኮድ የሚለማመድ ወጣት ይችላል። ኮዱ ክፍት ስለሆነ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ስለዚህ አሁን ሪአክት እየተማራችሁ ከሆነ በቪት ጀምሩ። የተማራችሁት ነገር ሰፈራችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ድረስ ይደርሳል።